የሚሸጠው መዘግየቱ ነው፦ ሙስና እንዴት እንደሚሠራ በቀላሉ

ባለፈው ክረምት የእናቴን ቤት ምትክ ካርታ ለማውጣት እዚህ ጅማ አንድ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። የድሮው ካርታ ጣሪያው አፍስሶ በስብሶባት ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ይረዳኛል። ማመልከቻ አስገባሁ፣ የአገልግሎት ክፍያውን በደረሰኝ ከፈልኩ፣ «በሳምንቱ ብቅ በል» ተባልኩ።

በሳምንቱ ስሄድ ሲስተም የለም። በቀጣዩ ሳምንት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ፋይሉ «እየታየ ነው»። በአራተኛው ጉዞዬ፣ ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የሻይ ላስቲክ ቤት ክላሰር የያዙ ጎልማሳ ሰው ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ አረፍ በል። የምን ጉዳይ ነው?»

ነገርኳቸው።

«ይቺማ ምን አላት! እናትህን አታንከራትት። ለልጆቹ የሻይ ትላለህ፣ እኔ አስጨርስልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ክፍያውን እኮ ከፍያለሁ» አልኳቸው።

«እሱማ የመንግሥት ነው» አሉኝ፣ ረጋ ብለው።

ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። «አባትህ በላቡ የሠራውን ቤት ሁለተኛ አልገዛም» አለች። በዚያው ቀረ። ካርታው በሰባተኛው ሳምንት ተሰጠኝ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገልጬ ሳየው፣ ከፊርማው ሥር የተጻፈው ቀን ማመልከቻውን ካስገባሁ አምስተኛው ቀን ነው። ሥራው ካለቀ ቆይቷል። ወረቀቱ ስድስት ሳምንት ያህል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጉቦ ማለት የዘገየ ሥራን ማፋጠኛ ይመስለኝ ነበር። ግን ሥራው አልዘገየም ነበር። በአምስት ቀን አልቋል። ሰውዬው ሊሸጡልኝ የፈለጉት መዘግየቱን ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ሙስና የማነበውም የምሰማውም ሁሉ በሌላ ዓይን ይታየኝ ጀመር። የገባኝን ያህል ላስረዳ።

ሙስና ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ የግዕዝ ነው። «ማሰነ» ማለት ጠፋ፣ ተበላሸ፣ በሰበሰ ማለት ነው። ሙስና እንግዲህ መበስበስ ነው። በየቀኑ ንግግራችን ጉቦ፣ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ «የሻይ» እንላለን። እዚህ ጅማ በኦሮምኛ ማላማልቱማ ሲባልም እንሰማለን።

በአጭሩ፣ ሙስና ማለት በአደራ የተሰጠን ሥልጣን ለራስ ጥቅም ማዋል ነው። «በአደራ» የምትለው ቃል ከባድ ናት። ማህተሙ የጸሐፊው አይደለም፣ መሬቱም የኃላፊው አይደለም። የብዙ ሰው የሆነውን ነገር አንድ ሰው እንዲጠብቀው ተሰጥቶታል።

ጉቦ ከሙስና አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ሕጋችን ሌሎችንም ይቆጥራል። በሥልጣን አላግባብ መገልገል አለ። ዘመድን ወይም የምታውቀውን ሰው ተገን አድርጎ «እኔ አስፈጽምልሃለሁ» ብሎ መነገድ አለ። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ይዞ መገኘትም ወንጀል ነው። አንዳንዱ ሙስና ከነጭራሹ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍበትም። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አሸናፊው እንዲታወቅ ተደርጎ መስፈርቱ ከተጻፈ፣ ሁሉም ወረቀት ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ነገሩ ሙስና ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «ጥቃቅን» እና «ከባድ» ብለው ይለያሉ። ጥቃቅኑ መስኮት ላይ የሚጠየቀው ነው። ከባዱ በጨረታ፣ በመሬት፣ በብድር ውስጥ የተደበቀው ነው። ከባዱን አናየውም። መንገዱ ሲፈርስ ብቻ እናየዋለን።

ሰው ስለከፋ ነው?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ይሄ ነው፦ «ሕዝቡ ተበላሽቷል፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፍቷል።» ሥነ ምግባር ዋጋ የለውም አልልም። ግን ይህ መልስ አንድ ነገር አያስረዳም። ያው ሰው አንዱ ቢሮ ሲመደብ ንጹሕ፣ ሌላው ቢሮ ሲዛወር በይ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የጅማ ሰው ይህን ከቡና ሊረዳው ይችላል። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ እሸት ቡና ግማሹን መሬት ላይ፣ ግማሹን ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቁት። መሬት ላይ የደረቀው አፈር አፈር ይላል። አልጋው ላይ የደረቀው ንጹሕ ጣዕም ይኖረዋል። ዛፉ ያው ነው። ለቀማውም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

ሮበርት ክሊትጋርድ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር የሙስናን አያያዝ በሦስት ነገር ጠቅልሎታል። አንደኛ፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ ሰው ወይም አንድ ቢሮ ብቻ መሆኑ። ሁለተኛ፣ ያ ሰው እንደ ፈቀደው መወሰን መቻሉ። ሦስተኛ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ የሚጠይቀው ሰው መጥፋቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በበዙ፣ ሦስተኛው ባነሰ ቁጥር ሙስና ይፋፋል።

የእናቴን ካርታ በዚህ መዝኑት። ካርታ የሚሰጠው ያ ቢሮ ብቻ ነው፤ «እዚያኛው ይሻላል» ብዬ አልሄድም። ያለቀውን ወረቀት ዛሬ ይስጠኝ ወይስ በወሩ የሚወስነው መሳቢያውን የያዘው ሰው ነው። ስድስት ሳምንት ለምን እንዳስቀመጠው ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። ሦስቱም ሞልተዋል።

ባህልም ሆነ መጠየቅ ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው በጥሩ ሁኔታ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የሚሠሩ ዲፕሎማቶች መኪናቸውን በተከለከለ ቦታ ሲያቆሙ ቅጣት ይጻፍባቸዋል፣ ግን ያለመከሰስ መብት ስላላቸው አይከፍሉም ነበር። ከ1997 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ150 ሺህ በላይ ያልተከፈለ ቅጣት ተከማችቷል። ሙስና ከበዛባቸው አገሮች የመጡት በብዛት ያጠፉ ነበር። እስከዚህ ድረስ «ሰው የለመደውን ይዞ ይዞራል» የሚለው ትክክል ነው። ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ ግን ከተማዋ ቅጣት ያልከፈሉትን ሰሌዳ መንጠቅ ጀመረች። ጥፋቱ በ98 በመቶ ገደማ ወረደ። ዲፕሎማቶቹ አገራቸውን አልቀየሩም፣ አስተዳደጋቸውም ያው ነው። የተቀየረው ጠያቂ መምጣቱ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረትም በዚህ ዓይን አንብቡት። ብዙ ሰው የስግብግብነት ፈቃድ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን በውስጡ ስጋት ይታየኛል። ሹመቱ መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው ነው የሚናገረው። ሥራውን በደንብ ሠርቶ እንደሚቆይ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በቆየበት ጥቂት ጊዜ ያጋብሳል። በየስድስት ወሩ ኃላፊ የሚቀያየርበት ቢሮ ይህን ተረት በየቀኑ ያስተምራል።

ደመወዝ ቢጨመር ያልቃል?

የኑሮ ውድነቱን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ፍትሐዊ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጤፍ የማይበቃ ሰው ፈተናው ከባድ ነው።

ግን ደመወዝ ብቻውን አይበቃም። ጋና በ2010 እ.ኤ.አ. የፖሊሶችን ደመወዝ በእጥፍ ገደማ አሳደገች። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ከጭነት መኪና ሹፌሮች የሚሰበሰበውን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ያልተጠበቀ ነበር። የሚጠየቀው ገንዘብ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ክፍያው አድጎ ተጠያቂነቱ ባለበት ሲቀር ውጤቱ ይሄ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያወጣ ጨረታ የሚያጭበረብር ሰው ደግሞ ጤፍ አጥሮት አይደለም።

ሁሉም እየጠላው ለምን ይቀጥላል?

ነዳጅ ማደያ ላይ የባጃጅ ሰልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሰልፉ ሥርዓት ሲይዝ ማንም አያቋርጥም፤ ቢሞክር ሁሉም ይጮህበታል። አንድ ሁለት ሰው በጎን ገብቶ ዝም ሲባል ግን ከኋላ ያለው ማሰብ ይጀምራል። «እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?» ይላል። ከዚያ ሰልፉ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ከተሰለፉት ውስጥ ሥርዓት የማይወድ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ግን ብቻውን ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ነዳጁን አይሞላም።

ሙስናም እንዲሁ ነው። «ሌላው ይከፍላል» ብለን ስናምን እንከፍላለን። ጸሐፊውም «ሌላው ይበላል፣ ከላይም ይጠበቅብኛል» ብሎ ይቀበላል። አልበላም ያለው ሠራተኛ ደግሞ ባልደረቦቹ ይሸሹታል፤ ምስክር ሊሆን የሚችል ሰው ነውና። ስለዚህ «እያንዳንዳችን ራሳችንን እናርም» የሚለው ምክር መልካም ቢሆንም ብቻውን ሰልፉን አያስይዝም። ሰዎች ሌላውም እንደማያቋርጥ የሚያምኑበት ምክንያት ያስፈልጋቸዋል።

«ሥራን ያፋጥናል» የሚሉትስ?

ጉቦ ለዛገ ማሽን ዘይት ነው የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰው በአንድ ቀን እውነት ሊመስል ይችላል። ከፈለ፣ አለቀለት። ግን ዘይት የሚሸጠው ሰው ማሽኑን የሚያዝገውም እሱ ከሆነ፣ ማሽኑ ዝገቱ ለምን ይለቀዋል? ሲስተም ባይጠፋ፣ ፋይል ባይሸሸግ፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ ጉዳይ ገዳይ አይቀመጥም ነበር።

እዚህ ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አቼ በምትባል ክፍለ ሀገር የተሠራ ጥናት ትዝ ይለኛል። አጥኚዎች ከጭነት መኪና ሹፌሮች አጠገብ ተቀምጠው 304 ጉዞ አብረው ተጓዙ። በየኬላውና በየሚዛን ጣቢያው ከ6 ሺህ በላይ ሕገ ወጥ ክፍያ መዘገቡ። ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው፦ መኪናው ወደ መድረሻው በቀረበ ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ይጨምር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሹፌሩ መንገዱን አጋምሶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ጭነቱን ይዞ ወደ ኋላ አይመለስም።

እኔንም በመጀመሪያው ቀን ማንም አልጠራኝም። የተጠራሁት በአራተኛው ነው።

ታዲያ ከፋዩ ማነው?

ጉቦውን የሚሰጠው ሰው ነው እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ዕዳው ተንከባሎ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ይህን ከጅማ ተነስቶ ማየት ይቀላል።

የቡናችን ዋጋ መነሻው እዚህ አይደለም። አረቢካ የሚባለው የቡናችን ዓይነት የዓለም ዋጋው የሚወጣው ኒውዮርክ ባለው የምርት ገበያ ነው። ላኪው «መንገድ ላይ ብዙ ወጪ ነበረብኝ» ብሎ የውጭ ገዢ ላይ መጨመር አይችልም። ገዢው ብራዚልም ኮሎምቢያም ሄዶ ይገዛል። እንግዲህ ከላይ መጨመር ካልተቻለ፣ ወጪው ከታች ይቀነሳል።

ቁጥሩን ለማቅለል እንዲህ እናስብ። አንድ ኪሎ ቡና ወደብ ሲደርስ 100 ብር ያወጣል እንበል። ለማጓጓዣ፣ ለመፈልፈያ፣ ለግብር፣ ለነጋዴው ትርፍ 30 ብር ይሄዳል። ገበሬው 70 ያገኛል። አሁን በመንገድና በቢሮ 5 ብር «የሻይ» ጨምሩበት። የውጭ ገዢው አሁንም 100 ነው የሚከፍለው። አቅራቢው ስሌቱን ያውቀዋል፤ ጎማ ወይም ሊሙ ኮሳ ሄዶ ጀንፈል ሲገዛ በ65 ይገዛል። ገበሬው መኪናውን አላየውም። ኬላውን አላየውም። ጉቦ የተባለ ነገር በሕይወቱ አልሰጠ ይሆናል። ከፋዩ ግን እሱ ነው፤ ደረሰኝም የለውም፣ ማንን እንደሚከስም አያውቅም።

በከተማም ቢሆን ሸክሙ እኩል አይደለም። ለሀብታም የሻይ የሆነው ለጉልት ነጋዴ የሳምንት ገቢዋ ነው። ወይ ትከፍላለች፣ ወይ አገልግሎቱን ትተወዋለች። የሚተወው ሰው ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይቆጠርም። ንግድ ፈቃድ ሳታወጣ የቀረች፣ ክስ ሳትመሠርት የተመለሰች ሴት የሙስና ቁጥር ውስጥ የለችም።

አንዳንዴ ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። ኒኮላስ አምብሬሲስና ሮጀር ቢልሃም የተባሉ ሳይንቲስቶች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት በመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃ ፈርሶባቸው ከሞቱት 83 በመቶው የሞቱት፣ ከገቢያቸው አንጻር ሲታይ ሙስና በጣም በበዛባቸው አገሮች ነው። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ የሚገድለው ግን ብረቱ የተሰረቀ ኮንክሪት ነው።

ሌላም የሚፈርስ አለ። መስኮት ላይ ሦስቴ የተመለሰ ሰው በአራተኛው ጊዜ የሚያየው ጸሐፊውን አይደለም፤ «መንግሥት እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ግብር ሲጠየቅ ያመነታል፣ ፍርድ ቤት ሲባል ይስቃል፣ ልጅቷ በውጤቷ ተቀጠረች ቢሉት አያምንም። ዘመድ ፍለጋ ይሄዳል። ንጹሑም ሠራተኛ በዚያው ይታማል። ይህን እምነት መልሶ መገንባት ከመንገድ ሥራ በላይ ይከብዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ መርማሪም ከሳሽም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ስለሄደ አሁን ትኩረቱ መከላከልና ማስተማር፣ የሀብት ምዝገባም ነው። ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዘው አዋጅ የ2002 ዓ.ም. ነው። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ በ2003፣ ዛሬ የሚሠራበት የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 በ2007 ዓ.ም. ወጡ።

ስለዚህ አዋጅ ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለት ነገር አለ። ጉቦ ሰጪም እንደ ተቀባዩ ወንጀለኛ ነው። ሕጉ ደግሞ የመንግሥት ቢሮን ብቻ አይመለከትም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ አክሲዮን ማኅበራትንና ሌሎች ድርጅቶችንም ይጨምራል። ዕድርና መሰል ባህላዊ ማኅበራት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው።

በየዓመቱ ዜና ላይ «ኢትዮጵያ በሙስና ይህን ያህል ነጥብ አገኘች» ሲባልም ትርጉሙን እንወቅ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ ፀረ ሙስና ድርጅት ለ2024 እ.ኤ.አ. የሰጠን 37 ከ100 ነው። 100 በጣም ንጹሕ፣ 0 በጣም የተበላሸ ማለት ነው። ነጥቡ የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት የሚሰበስብ እንጂ የተሰረቀውን ብር የሚቆጥር አይደለም።

የሠራ ነገር አለ?

አለ። በጣም የምወደው የዩጋንዳው ነው። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ገንዘብ ይመድብ ነበር። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ያለው ሲመረመር፣ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ነበር። ቀሪው በመንገድ ቀርቷል። ከዚያ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን በየወሩ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። የደረሰው ገንዘብም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ወላጅ ልጁን ሲያደርስ ያነበዋል፤ ርዕሰ መምህሩን «ይሄ የታለ?» ይለዋል። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለዚህ ውጤት ሌሎች ምክንያቶችም ተጨምረው ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ፣ መሐንዲሶች ከተሠራው መንገድ ላይ እየቆፈሩ አወጡና ድንጋዩና አሸዋው ከተከፈለበት ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ለኩ። ኦዲት እንደሚመጣባቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው መንደሮች ላይ የሚጠፋው ወጪ በ8 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። መቅጣት እንኳ ሳይጀመር፣ እንደሚታይ ማወቁ ብቻ ይህን ያህል ሠራ።

ሁለቱም የሚነኩት ያንን ሦስተኛውን ነገር ነው፤ ጠያቂ መኖሩን። የእኛ መሥሪያ ቤቶችም ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ አለ። የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን፣ በስንት ብር እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። እኔ ካርታ በተመላለስኩበት ቢሮ ሰሌዳው የተሰቀለው ከበሩ ኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ይሸፈናል። ያየሁት ዝናብ አግዶኝ በሩ በተዘጋ ቀን ነው። «ምትክ ካርታ፣ አምስት የሥራ ቀን» ይላል።

በቅርቡ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ለዚያው ጉዳይ ሊሄዱ ነበርና የነገርኳቸው ይህን ብቻ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱን ይስጡ፣ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። በስድስተኛው የሥራ ቀን ቅጂውን ይዘው ሄዱ። መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ቀኑን አየች፣ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

«እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው ስትመለስ። ለምሳ ከመዘጋቱ በፊት ካርታቸውን ይዘው ወጡ።